የሕፃኑ ምግብ የእናቱ ጊዜ ነው



አዊ ድንቹና ገብሱ፣ ላሙና ቀፎው የሞላበት አገር ነው። ይሁን እንጂ በ2011 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዊ በሚገኝበት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 41 በመቶው መቀንጨራቸውን አሳይቷል፤ የአገሪቱ አማካይ 37 በመቶ ነበር። የጎተራው መሙላት ብቻውን ልጅ አያሳድግም ማለት ነው።

ከመጀመሪያው ሰዓት እንነሣ። እንገሩ ቢጫና ወፍራም ስለሆነ ቆሻሻ መስሏቸው አልበው የሚያፈሱ፣ በምትኩም ለአራሱ ሕፃን ቅቤ የሚያስልሱ ቤተሰቦች አሉ። ጥጃ እንገር ካልጠባ እንደማይጠነክር የሚያውቅ ገበሬ ለልጁ ግን እንዲህ ሲሆን ዝም ማለቱ ያሳዝነኛል። እንገር በሽታ የሚከላከሉ ንጥረ ነገሮች የታጨቁበት የመጀመሪያው ክትባት ነው። እስከ ስድስት ወር ውሃም አያስፈልግም፤ የእናት ጡት ወተት 88 በመቶ ያህሉ ውሃ ነውና። ያልተጣራ ውሃ ተቅማጥ ያመጣል፤ ሆዱ በውሃ የሞላ ሕፃን ደግሞ ጡት መሳብ ይቀንሳል፣ ወተቱም በዚያው ልክ ያንሳል።

ይህን ግን እናቶች ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ደጋግመው ሰምተዋል። የሚጎድላቸው ጊዜ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለተቀጠረች እናት ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ይሰጣል፤ ሕፃኑ ጡት ብቻ የሚጠባበት ስድስት ወር ግን 180 ቀን ነው። ድንች የምትኮተኩት፣ እንጨት ተሸክማ ገበያ የምትወጣ እናት ይህም የላትም። ያላት አራስነት ነው፤ ጎረቤት ገንፎ ይዞ የሚመጣበት፣ ከባድ ሥራ የማትነካበት ወግ። ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ስትነሣ ግን ያ ድጋፍ ይላላል። እናት ማሳ ስትውል ሕፃኑ አያት እጅ ይቀራል፤ ሲያለቅስም የላም ወተት ይሰጠዋል። ለአጨዳና ለቤት ሥራ ደቦ የሚጠራ ሕዝብ፣ ለምታጠባ እናት አረምና እንጨት ደቦ መጥራት አያቅተውም። ባሎችም ውሃ ይቅዱ።

ከስድስት ወር በኋላ ደግሞ ጡት ብቻውን አይበቃም። ቀጭን አጥሚት ሆድ ይሞላል እንጂ አይገነባም። ድንቹ ተደፍጥጦ እንቁላል ወይም ወተት ይግባበት፤ ገንፎው ባቄላና ሽምብራ ይቀላቀልበት። ማር ግን ዓመት ላልሞላው ሕፃን አይሰጥ፤ በውስጡ ሊኖር የሚችል ተሕዋሲ ሕፃኑን ክፉኛ ሊመርዘው ይችላል።

የሃይማኖት አባቶች ሆይ፣ አንድ ጉዳይ በእናንተ እጅ ነው። ቤተ ክርስቲያን ከሰባት ዓመት በታች ያሉ ልጆች እንዲጾሙ አታዝዝም። ብዙ እናቶች ግን ዕቃው እንዳይነካካባቸው ፈርተው በጾም ወራት ለሕፃኑ እንቁላልና ወተት አይሠሩም። ከዐቢይ ጾም በፊት ባለው እሑድ፣ እናት ለሕፃኑ የተለየች ትንሽ ድስት ብታኖር ኃጢአት እንደማይሆንባት ከዐውደ ምሕረት ንገሯት።