ሕክምና ወደ ተማሪ ቤት ስለ መግባቱ የተደረገ ንግግር



ጥርሱን የሚያመው ልጅ ብዙ ጊዜ ከተማሪ ቤት አይቀርም። ይመጣል፥ ይቀመጣል፥ መጽሐፉንም ይገልጣል፤ ነገር ግን ጉንጩን በእጁ ደግፎ የሚውል ልጅ መምህሩ የሚናገረውን ከመስማት ይልቅ የመንጋጋውን ትርታ ሲያዳምጥ ይውላል። መምህሩም ሰነፍ ይለዋል። ሌሊቱን ሲገላበጥ ማደሩን የምታውቀው እናቱ ብቻ ናት፤ እርስዋም ብታውቅ ጥቂት ቅርንፉድ በተበላው ጥርስ ላይ ከማኖር በቀር የምታደርገው የላትም። የጥርስ ሐኪሙ ሩቅ ነው፥ ዋጋውም ከባድ ነው፥ የዕለት ሥራዋም አይጠብቃትም።

ስለዚህ ነገር በልዩ ልዩ አገር ያሉ አስተዋዮች ሰዎች ሲያስቡ ኖረው፥ ልጁን ወደ ሐኪም ከመውሰድ ሐኪሙን ወደ ልጁ መውሰድ ይቀላል የሚል አሳብ አገኙ። አሳቡ ሲነገር ቀላል ነው፤ ሲሠራበት ግን ብዙ ክርክር አስነሣ፥ ብዙም ጥቅም ሰጠ፥ ስሕተትም አልጠፋበትም። ከዚህ በታች የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

በኒው ዮርክ ከተማ ሐኪሞች በየተማሪ ቤቱ እየዞሩ ልጆችን ይመረምሩ ነበር። ዓይኑ የታመመውን፥ ጭርት የወጣበትን፥ ቅማል የበዛበትን እየለዩ ወደ ቤቱ ይሰዱት ነበር። ይህ ለቀሩት ልጆች ጥበቃ ይመስል ነበር፤ ለተሰደደው ልጅ ግን መድኀኒት የሚሰጠው አልነበረም። በቤቱም የሚያክመው ስላልነበረ በጎዳና ሲጫወት ይውላል፤ ባልንጀሮቹ ከትምህርት በወጡ ጊዜም ከእነርሱ ጋር ይቀላቀላል፤ በቀን የተለየው በሽታ እንዲህ ሆኖ በማታ ይመለሳል። ሊሊያን ዋልድ የምትባል፥ በድሆች ሰፈር መካከል ቤት ይዛ ሕመምተኞችን የምትረዳ አስታማሚ፥ ይህን አይታ ለከተማው ሹማምንት ከባልንጀሮችዋ አንዲቱን ለአንድ ወር ልስጣችሁና ሞክሩት አለቻቸው። በኦክቶበር 1902 ሊና ሮጀርስ የምትባለው አስታማሚ በአራት ተማሪ ቤቶች ሥራ ጀመረች። ጭርቱን በዚያው በተማሪ ቤቱ እያጠበች ቅባት ትቀባለች፤ ከትምህርት በኋላም ወደ እናቶች ቤት እየሄደች እንዴት እንደሚጠበቅ ታሳያለች። በሴፕቴምበር 1902 ከተማሪ ቤት የተሰደዱት ልጆች ከ10,000 የሚበልጡ ነበሩ፤ በዓመቱ በዚያው ወር ግን 1,100 ያህል ብቻ ሆኑ። በሽታው ያው ነበረ፥ ልጆቹም የዚያው ሰፈር ልጆች ነበሩ፤ የተለወጠው መድኀኒቱ የሚሰጥበት ስፍራ ነው።

የጥርስ ነገር ግን በቅባት አይፈጸምም። ወንበር ይፈልጋል፥ መሰርሰሪያ ይፈልጋል፥ የተማረ እጅ ይፈልጋል። በሽታውም ዝም ብሎ የሚሠራ ነው፤ ሕመሙ በተሰማ ጊዜ ጉድጓዱ ጠልቋል። ከዚህ ሌላ ብዙ ወላጆች የማያውቁት አንድ ነገር አለ። የልጅ የመጀመሪያው ቋሚ መንጋጋ የሚወጣው በስድስት ዓመት ገደማ ነው፤ የሚወጣውም አንድም ጥርስ ሳይወልቅ ከወተት ጥርሶች በስተኋላ ስለሆነ ወላጆች ወዳቂ ጥርስ ይመስላቸዋል። ላዩ ስንጥቅጥቅ ስለሆነ ምግብና ስኳር ይይዛል፥ ቶሎም ይበላል። እንግዲህ ልጁ ፊደል ሊቈጥር በሚገባበት ዘመን ዕድሜውን ሁሉ የሚያኝክበት ጥርስ አብሮት ይበቅላል ማለት ነው። በዚህ ዕድሜ ልጁ በየቀኑ በእርግጥ የሚገኝበት ስፍራ ከቤቱ ቀጥሎ ተማሪ ቤቱ ነው።

የወተት ጥርስም ቢሆን ይወድቃል ተብሎ የሚናቅ አይደለም፤ ለሚከተለው ጥርስ ስፍራ ጠብቆ የሚያቈይ እርሱ ነው። በኢትዮጵያ በአንዳንድ አገር ሕፃኑን ተቅማጥ ወይም ትኵሳት ሲይዘው ገና ያልበቀለውን የወተት ጥርስ ከድድ ፈልፍሎ ማውጣት የቈየ ልማድ ነው፤ በዚህም ምክንያት ደም የፈሰሰው፥ ቍስሉ ያመረቀዘው፥ ከሥር የነበረውም ቋሚ ጥርስ የተበላሸበት ሕፃን ጥቂት አይደለም።

ለተማሪዎች የጥርስ ሕክምና ከጀመሩት ከተሞች ስትራስቡርግ በ1902 ቀዳሚ ነበረች። በአሜሪካም በብሪጅፖርት ከተማ አልፍሬድ ፎንስ የተባለ የጥርስ ሐኪም ከ1913 ጀምሮ ሴቶችን ጥርስ ማጽዳት አስተምሮ ወደ ተማሪ ቤቶች ሰደዳቸው። እነርሱ ግን ያጸዱና ያስተምሩ ነበር እንጂ የተበላውን ጥርስ አይሞሉም ነበር። ከዚህ ያለፈውን እርምጃ የተራመደችው ከዓለም ዳር ያለችው ኒው ዚላንድ ናት።

በፊተኛው ታላቅ ጦርነት ጊዜ የዚያ አገር ጐልማሶች ለዘመቻ ሲጻፉ ከብዙዎቹ አፍ የተገኘው ጥርስ የሚያሳፍር ነበር። የሠራዊቱ የጥርስ ሕክምና አለቃ ቶማስ ሀንተር ይህን በዓይኑ አይቶ፥ የሃያ ዓመት ወታደር ጥርስ የሚጠገነው በስድስት ዓመቱ እንደ ነበረ አስተዋለ። በ1920 መንግሥት ለተማሪዎች የጥርስ ሕክምና ሥራ አለቃ አድርጎ በሾመው ጊዜ በአገሩ ያሉት የጥርስ ሐኪሞች ለሕፃናቱ ሁሉ የማይበቁ ሆኑ። ስለዚህ ወጣት ሴቶችን መርጦ ሁለት ዓመት ለማስተማርና የልጆችን ጥርስ ብቻ እንዲያክሙ ለማድረግ አሰበ። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች በ1921 በዌሊንግተን ትምህርት ጀመሩ፤ በ1923 ሲፈጽሙ ሠላሳ የማይሞሉ ነበሩ።

ክርክሩ ይህን ጊዜ ተነሣ። ብዙ ዓመት ተምሮ የጥርስ ሐኪም የሆነ ሰው፥ ሁለት ዓመት የተማረች ልጃገረድ በሕፃን አፍ ውስጥ መሰርሰሪያ ስትይዝ ዝም ብሎ ማየት አይሆንለትም ነበር። ሥጋቱም በከንቱ የመጣ አይደለም፤ ጥርስ አንድ ጊዜ ከተሰረሰረ እንደ ቀድሞው አይመለስምና። ሀንተር ግን ሥራውን በገደብ አጠረው። አስታማሚዋ የተበላውን ትሞላለች፥ በማደንዘዣ መርፌ የወተት ጥርስ ትነቅላለች፥ ታጸዳለች፥ ታስተምራለች፤ ከዚህ ያለፈውን ወደ ጥርስ ሐኪም ትሰዳለች። ሥራዋንም የተሾሙ የጥርስ ሐኪሞች እየዞሩ ይመረምራሉ። ወላጅ ካልፈቀደም ልጁን አትነካም። ይህ ከተጠበቀ፥ አንድን ጠባብ ሥራ በየቀኑ የምትሠራ እጅ ሰፊ ሥራ አልፎ አልፎ ከሚሠራ እጅ የምታንስበት ምክንያት አይታይም።

ሴቶች የተመረጡበት ምክንያት ለሕፃን ትዕግሥት አላቸው ተብሎ ነው። ደመወዛቸው አነስተኛ መሆኑም መንግሥትን ደስ እንዳሰኘ የታወቀ ነው፤ ይህ ግን በንግግር ጊዜ ድምፅ ከፍ ተደርጎ አይነገርም ነበር። በ1974 የጥርስ አስታማሚዎቹ ስለ ደመወዛቸው በዌሊንግተን ጎዳና ወጥተው ወደ ምክር ቤት በሄዱ ጊዜ ሕዝቡ ነገሩን ሰማ። ኢትዮጵያም በ2003 የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ስትጀምር ወጣት ሴቶችን ከየአካባቢያቸው መርጣ ለአንድ ዓመት አስተምራ ወደ ቀበሌዎች መልሳለች፤ ስለ ጥርስ የተሰጠ ሥራ ባይሆንም አሳቡ ዘመድ ነው።

በኒው ዚላንድ የሕክምናው ክፍል በተማሪ ቤቱ ግቢ ውስጥ የተሠራ ትንሽ ቤት ነበረ። አስታማሚዋ ነጭ ልብስ ለብሳ፥ በላዩም ቀይ ሹራብ ደርባ በውስጡ ትሠራለች። ልጆቹን በየስድስት ወሩ ታያለች፤ ለአንዲት አስታማሚም የሚደርሷት ልጆች 500 ያህል ነበሩ። በመጀመሪያው ዘመን መሰርሰሪያው በእግር እየተረገጠ የሚሽከረከር ነበረ፤ እግርዋ ሲደክም መሰርሰሪያው ይዘገያል፥ የልጁም ጭንቅ ይረዝማል። ስሙ ተጠርቶ ከክፍል የሚወጣው ልጅ ባልንጀሮቹ እያዩት ይሄዳል። ልጆቹም ለዚያች ትንሽ ቤት ያወጡላት ስም «የግድያ ቤት» የሚል ነበር። አስታማሚዎቹ ከጥጥ ቢራቢሮና አሻንጉሊት እየሠሩ ላላለቀሰው ልጅ ይሰጡ ነበር፤ ስሙ ግን ቤቱን ሳይለቅ ብዙ ትውልድ ቈየ። ዛሬ አያት የሆኑት እንኳ ሲያስታውሱት ትከሻቸውን የሚሰብቁ አሉ። ፍርሃቱ ቀላል ነገር አይደለም፤ በልጅነቱ በወንበር ላይ የተጨነቀ ሰው ካደገ በኋላ ጥርሱ እስኪወልቅ ድረስ ሐኪም ቤት ሳይረግጥ ሊኖር ይችላል።

የኒው ዚላንድ ሥራ ወደ ሌሎች አገሮችም ተሻገረ። በ1949 በፔናንግ እንዲሁ ያለ ትምህርት ተከፈተ። በዚያው ዓመት በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ግዛት ለመሞከር ሕግ ወጥቶ ነበር፤ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር ግን አጥብቆ ተቃወመና በ1950 ሕጉ ተሻረ። የዓለም የጤና ድርጅት በ1951 ያሳተመው የጆን ፉልተን ምርመራ የኒው ዚላንድ አስታማሚዎችን ሥራ መልካም ሆኖ አገኘው። በአንድ ስፍራ በሕግ የተከለከለው በሌላው ስፍራ ሲመሰገን መታየቱ፥ ክርክሩ ስለ ሕፃኑ ጥርስ ብቻ እንዳልነበረ ያስረዳል።

ሥራው የሳተበት ነገርም አለ። የአስታማሚዋ ትጋት የሚለካው በሞላቻቸው ጥርሶች ቍጥር ነበረ፤ ቍጥሩም ከዓመት ወደ ዓመት ሲያድግ እንደ ድል ይታይ ነበር። ነገር ግን የተሞላ ጥርስ አስቀድሞ የታመመ ጥርስ ነው። ደግሞም ገና ያልተቦረቦረ፥ ላዩ ብቻ የነጣ ጥርስ ሁሉ መሰርሰሪያ አይፈልግም፤ ስኳር ቢቀነስለትና ፍሎራይድ ቢያገኝ ራሱን የሚጠግንበት ጊዜ አለ። ይህ ዕውቀት እየጠነከረ ሲሄድ በ1970ዎቹ ሕክምናው ከመሙላት ወደ መጠበቅ ማዘንበል ጀመረ። በ1954 በሄስቲንግስ ከተማ ፍሎራይድ በመጠጥ ውኃ ተጨምሮ ነበርና የመጠበቁ ሥራ ከዚያ ቀደም መንገድ አግኝቷል። በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ግን ነገሩ ተገልብጦ ይገኛል፤ በዚያ የጕድጓድ ውኃ ፍሎራይዱ ከመጠን ያለፈ ስለሆነ የልጆችን ጥርስ ያጠቍራል፥ አጥንትም ይጐዳል። ስለዚህ የአንዱን አገር መድኀኒት ውኃውን ሳይመረምሩ ወደ ሌላው አገር መውሰድ አይገባም። በጥንቃቄ የሚገባው መፋቂያ ግን ከጥንት ጀምሮ በእጅ ያለ ነው፤ የዓለም የጤና ድርጅትም በ1987 እንዲህ ያለውን የእንጨት መፋቂያ መጠቀምን ደግፏል። ልጁ በምን ይፋቅ ብሎ ከመጨነቅ መቼ ይፋቃል ብሎ መጠየቅ ይሻላል፤ ማታ ሳይፋቅ የተኛ ልጅ ሌሊቱን ሁሉ ስኳሩን በጥርሱ ላይ ያሳድረዋል።

ከ2000 በኋላ በኒው ዚላንድ በተማሪ ቤት ግቢ የነበሩት ትንንሽ ቤቶች አረጁ፤ ለአዲሱ የንጽሕና ሥርዓትም የማይበቁ ስለሆኑ ብዙዎቹ ተዘጉ። በእነርሱ ፈንታ ለብዙ ተማሪ ቤቶች በአንድነት የሚሆኑ የሕክምና ቤቶችና ከግቢ ወደ ግቢ የሚዞሩ የሕክምና መኪናዎች ተሠሩ። መሣሪያው ተሻለ፥ ማደንዘዣውም ተሻለ፤ እናት ከልጅዋ ጋር መቀመጥ በመቻልዋም ስለ ስኳር የሚነገረውን ምክር በጆሮዋ ትሰማለች። ነገር ግን ሥራዋን መተው የማትችል እናት ልጅ ቀጠሮው ያመልጠዋል። መኪናው በግቢው በቆመበት ሳምንት ታሞ የቀረ ልጅም፥ አንድ ሰው እጁን ይዞ ወደ ሌላ ስፍራ እስኪወስደው ድረስ እንደ ቀድሞው ዘመን ልጅ ጉንጩን ደግፎ ይጠብቃል።