«ጥቁር ሰው» ከአርሲ ደጋ ሲደመጥ
(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



በኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ ታሪክ አልበም ማለት ለረጅም ጊዜ የዘፈኖች ስብስብ ማለት ብቻ ነበር። በ1960ዎቹ አምኃ እሸቴና ሌሎች አሳታሚዎች ያወጧቸው ትናንሽ ሸክላዎች በየፊታቸው አንድ አንድ ዘፈን ይይዙ ነበር። ካሴት ከመጣ በኋላ የዘፈኑ ቁጥር ወደ አሥር ከፍ ቢልም፣ ግጥሙን አንዱ፣ ዜማውን ሌላው፣ ቅንብሩን ሦስተኛው ሠርቶ ለድምፃዊው የማቅረቡ ልማድ ቀጠለ። ስለዚህም ሥራውን ከዳር እስከ ዳር የሚያያይዝ አንድ ሐሳብ እምብዛም አይታሰብም ነበር። በውጭው ዓለም ግን ማርቪን ጌይ በ1971 እ.ኤ.አ. ከቬትናም ጦርነት በተመለሰ ወታደር ዓይን አገሩን የሚመለከት አንድ ወጥ አልበም ካቀረበ ወዲህ፣ ዘፋኝ እንደ ልብ ወለድ ደራሲ ሰፊ ጭብጥ ይዞ መነሣቱ የታወቀ መንገድ ሆኗል።

ቴዎድሮስ ካሣሁን (ቴዲ አፍሮ) በሚያዝያ 2004 ዓ.ም. ለአድማጭ ያቀረበው «ጥቁር ሰው» በአገራችን ወደዚህ መንገድ ከገቡት ሥራዎች አንዱ ነው። የአልበሙ ምሰሶ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በአድዋ የተገኘውን ድል የሚያወሳው የመጠሪያ ዘፈን ነው። እርግጥ ነው፣ በአልበሙ የፍቅር ዘፈኖችም አሉ፤ ሁሉም ከምሰሶው ጋር በእኩል አልተሣሠሩም። ሆኖም «ፊዮሪና»ን የመሰለው ዘፈን፣ ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. በተደረገው ጦርነት ከተለያየው ከመረብ ማዶ ወገን ጋር ፍቅርን ሲያገናኝ፣ የአልበሙን ጥያቄ በሌላ በኩል ያነሣዋል። ጥያቄውም «እኛ የምንባለው እነማን ነን?» የሚል ነው።

የአልበሙ ስም ራሱ ይህን ጥያቄ ያሰፋዋል። ድሉን በንጉሠ ነገሥቱ ስም ብቻ ከመጥራት ይልቅ «ጥቁር ሰው» በማለት ለመላው ጥቁር ሕዝብ ይሰጠዋል። ይህ የዘፋኙ ፈጠራ ብቻ ሳይሆን የታሪክ መሠረት ያለው ነው። የሃይቲው ተወላጅ ቤኒቶ ሲልቬን ከአድዋ ድል በኋላ አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ ምኒልክን አግኝቷል፤ በ1900 እ.ኤ.አ. በሎንዶን በተካሄደው የፓን አፍሪካ ጉባኤም ተካፍሏል።

ይሁን እንጂ ይኸው ዘፈን ከጭላሎ ተራራ ሥር፣ ከአሰላ ሆኖ ሲደመጥ ሌላ ትዝታም ይቀሰቅሳል። ከአድዋ ቀደም ብሎ በ1870ዎቹ የአርሲ ኦሮሞ የምኒልክን ጦር ለዓመታት በጽኑ ተቋቁሟል። በሒጦሳ ወረዳ በአኖሌ ተፈጸመ ተብሎ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚነገረው የእጅና የጡት መቁረጥ ግፍ ከዚያ ዘመን ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ በ2006 ዓ.ም. የመታሰቢያ ሐውልት ቆሞለታል። በዚያው ዓመት ዘፋኙ አላልሁትም ባለው አንድ የመጽሔት ቃል ሳቢያ ብርቱ ተቃውሞ ተነሥቶ፣ ታስቦ የነበረው የሙዚቃ ጉዞ ተሰርዟል። እንግዲህ አንዱ አድማጭ ነፃነቱን የሚሰማበት ስም ለሌላው የቁስል ስም ነው። አልበሙን በቅንነት የሚያደንቅ ሰው ይህን ሐቅ ሊሸሸው አይገባም።

የመፍትሔው ፍንጭ ግን ከዘፈኑ ውስጥ ሊገኝ ይችላል። በመጠሪያው ዘፈን የሚነሣው ባልቻ ሣፎ ነው፤ የፈረስ ስሙም አባ ነፍሶ። ምኒልክም አባ ዳኘው ይባሉ ነበር። ጀግናን በፈረሱ ስም መጥራት ኦሮሞና አማራ የሚጋሩት የጦረኛ ወግ ነው። የአርሲ ደጋ ሰው ፈረስን ምን ያህል እንደሚያከብር ደግሞ ለዚህ ጉባኤ ማስረዳት አያስፈልግም። ባልቻ በልጅነቱ፣ በምኒልክ የደቡብ ዘመቻ ወቅት፣ ከጦር ሜዳ ቆስሎ ተገኝቶ ወደ ቤተ መንግሥት እንደ ተወሰደ ይነገራል። ይኸው ሰው በአድዋ ስመ ጥር መድፈኛ ሆነ፤ በ1929 ዓ.ም. ደግሞ በስተርጅናው ከፋሺስት ጦር ጋር ተዋግቶ ወደቀ። ስለዚህ የዘመቻው ቁስልና የአድዋ ኩራት በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ ተገናኝተዋል። ዘፈኑ ኩራቱን አጉልቶ ቁስሉን በዝምታ ያልፈዋል። ሆኖም ስሙን በማንሣቱ በሩን ከፍቶ ትቷል።

በዚህ በር መግባት የመምህሩ ድርሻ ነው። የአርሲ ተማሪ ለታሪክ ዘፈን እንግዳ አይደለም። ጌረርሳ የሚያሰማ ሽማግሌ የራሱንና የወገኑን ገድል፣ የፈረሱንም ውለታ እያነሣ ሲያዜም የሰማ ልጅ፣ ዜማ የትዝታ መዝገብ መሆኑን ያውቃል። መምህሩ «ጥቁር ሰው»ን በክፍል ውስጥ ቢያሰማ፣ ተማሪው ዘፈኑ ማንን እንደሚጠራና ማንን እንደማይጠራ ነቅሶ እንዲያወጣ ይጠይቀው። ቀጥሎም ከመንደሩ ሽማግሌ ጌረርሳ ቀድቶ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ እንዲመዝን ያድርገው። እንዲህ ያለ ትምህርት ከጭፍን ውዳሴም ከጭፍን ውግዘትም ያድናል።

አልበሙ ሊደነቅ የሚገባው ሁሉን ስለ ተናገረ አይደለም። የአንድን ሕዝብ ትዝታ በአንድ የዘፈን ሥራ ለመሸከም በመድፈሩ ነው። ሸክሙ ለአንድ ዘፋኝ ትከሻ ብቻ ከባድ ነው፤ የቀረውን ወገን ማንሣት ከአርሲ ደጋ የሚነሣው ባለ ዜማ ተራ ነው። ያ ባለ ዜማ ዛሬ ከነዚህ ባልደረቦች በአንዱ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል።