ሞተሩ ቀላሉ ነገር ነው
(በተመረቅንበት 20ኛ ዓመት የመገናኛ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው “ስለ ሥራሽ 15 ደቂቃ ተናገሪ” ብሎኛል። ስለ ስኳርና ስለ ደም ግፊት አወራባችኋለሁ ብላችሁ አትስጉ፤ ዛሬ የማወራላችሁ ስለ ሞተር ነው። “ይቺ ልጅ የዶርም አምፖል ለመቀየር ዘበኛ ትጠራ አልነበር?” የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እውነት ነው፤ እጠራ ነበር። ግን ታገሡኝ፣ ነገሩ ዞሮ ዞሮ ነገ ጠዋት ወደምንወያይበት አጀንዳ ይመጣል።

በጄ-ዋን ቪዛ አሜሪካ ስፔሻሊቲ የተማራችሁ እንደምታውቁት፣ ትምህርቱ ሲያልቅ ወይ 2 ዓመት ወደ አገር መመለስ ነው፣ ወይ ሐኪም ባነሰበት ቦታ 3 ዓመት ለማገልገል መፈረም ነው። እኔ ፈረምኩ። የደረሰኝ ሰሜን ሚኒሶታ ነው። ሚኒያፖሊስ ቢሆን እንጀራውም ዘመዱም ሞልቷል፤ እኔ ያለሁት ግን ከዚያ በመኪና 5 ሰዓት ወደ ካናዳ ድንበር ተጠግቼ ነው። በጥር ብርዱ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ይደርሳል፤ ሐይቁ መኪና እስኪሸከም ይረጋል። 3 ዓመቱ ካለቀ ቆየ፤ እኔ ግን እዚያው ቀረሁ፣ ይኸው 11 ዓመቴ።

እዚያ አገር በበረዶው ወራት የሰው ፈረሱ ስኖውሞቢል ነው። ለማታውቁት፦ ከፊት ሁለት ስኪ፣ ከኋላ እንደ ታንክ ሰንሰለት የሚዞር የጎማ ቀበቶ ያለው፣ እንደ ሞተር ሳይክል ተፈናጠው የሚነዱት ነገር ነው። ፖላሪስም አርክቲክ ካትም የተወለዱት እዚያው ሰሜን ሚኒሶታ ውስጥ ነው።

ታሪኩ ከእኛም ሙያ የራቀ አይደለም። ኩቤክ ውስጥ ቫልኩር በምትባል ትንሽ ከተማ ጆሴፍ አርማንድ ቦምባርዲዬ የሚባል መካኒክ ነበር። በአውሮፓውያኑ 1934 የ2 ዓመት ልጁ በፔሪቶናይተስ ታመመበት። መንገዱ በበረዶ ተዘግቶ ስለነበር ሆስፒታል ማድረስ አልቻለም፤ ልጁ ሞተ። ሰውየው በበረዶ ላይ የሚሄድ መኪና ለመሥራት ከልጅነቱ ጀምሮ ይሞክር ነበር። በ1937 7 ሰው የሚጭነውን አወጣ፤ ሐኪሞች በበረዶ ወደ ሕመምተኛ ቤት የሄዱበት መኪና ነው። በ1959 ደግሞ ስኪዱ የተባለውን ትንሹን ሠራ።

እንግዲህ ጎረቤቴ አንድ የ70ዎቹ ዕድሜ ሽማግሌ ናቸው፤ እኔ በልቤ “ጋሼ” እላቸዋለሁ፣ እሳቸው “ዶክ” ይሉኛል። ሕመምተኛዬ አይደሉም፣ ግን ደረታቸው ጤና እንደሌለው ለማወቅ ስቴቶስኮፕ አያስፈልግም። በጋራዣቸው ከአባታቸው የወረሱት የ1970ዎቹ ስኪዱ ኢላን አለ። ሞተሩ ቱ ስትሮክ የሚባለው፣ ባለ ሁለት ምት ነው። ይህ ዓይነቱ ሞተር ቀላልና ኃይለኛ ነው፤ ቫልቭ የለውም፣ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ አብሮ ይቃጠላል። ችግሩም እሱ ነው፦ ሰማያዊ ጭሱ። ጋሼ ባስነሡት ቁጥር ግማሽ ሰዓት ያስሉ ነበር። “ይሽጡትና አዲስ ይግዙ” አልኳቸው። “አባቴን ልሽጥ?” አሉኝ።

በኋላ መፍትሔ አገኙ፤ አካሉ አሮጌው ይሁን፣ ሞተሩ ይቀየር። እዚያ አገር ይህን የሚያደርጉ ብዙ ናቸው። ባለ አራት ምት ሞተር ዘይቱን በራሱ ሆድ ይይዛል፣ ንጹሕ ይቃጠላል፣ ቤንዚንም ይቆጥባል። የሚገርመው፣ የ1959ኙ የመጀመሪያው ስኪዱም ባለ አራት ምት ነበር፤ ባለ ሁለት ምት የመጣው በኋላ ነው። ጋሼ የገዙት ለውኃ ፓምፕና ለጄኔሬተር የሚሆነውን የሆንዳ ጂኤክስ 390 ነው። 389 ሲሲ፣ 12 የፈረስ ጉልበት ገደማ። አሮጌውም በጉልበት ከሱ ብዙ የራቀ አልነበረም። እኔ በልቤ “በቃ፣ አንዱን አውጥቶ አንዱን ማስገባት ነው፤ የቅዳሜ ከሰዓት ሥራ” አልኩ። ሥራዬ ባትሪ መያዝ ነበር።

4 ወር ፈጀ።

አንደኛ፣ የአሮጌው ሞተር ኮሎ ጫፉ ሾጣጣ ነው፣ የአዲሱ ቀጥ ያለ፤ ፍሪሲዮኑ አልገባ አለ። ሌላ ፍሪሲዮን ተፈለገ። ሁለተኛ፣ ፍጥነቱ። አሮጌው በደቂቃ 5000 ዙር የሚሠራ ነው፤ አዲሱ ከ3600 ብዙም እንዳያልፍ ተደርጎ የተሠራ። ስለዚህ ፍሪሲዮኑ ቀደም ብሎ እንዲይዝ ስፕሪንጉ ተቀየረ፣ የካቴናው ጥርሶችም ተቀየሩ። ሦስተኛ፣ አዲሱ 31 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ መቀመጫውም ልዩ ነው፤ ብየዳ ተበየደ። የሁለቱ ፑሌዎች መስመር ትንሽ ሲዛባ ቺንጋው ይበላል፤ ሁለት ቺንጋ ተበላ። ሞተሩ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በአንድ ጉተታ ይነሣ ነበር። የፈጀን በሞተሩና በአሮጌው አካል መካከል ያለው ነገር ነው።

የካቲት ላይ አለቀ፤ ጋራዥ ውስጥ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ይሠራል። ጭስ የለ፣ ሳል የለ። እሑድ ጠዋት ከዜሮ በታች 28 ዲግሪ ነበር፤ ከኋላቸው ተቀምጬ በሐይቁ ላይ ወደ ዓሣ ማጥመጃ ጎጆአቸው ሄድን። ከዳር 2 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደራቅን ሞተሩ ቀጥ አለ። ወርጄ ሳይ በረዶው ላይ ጥቁር ዘይት ፈስሷል።

በእግር ተመለስን። ጋሼ በየ50 እርምጃው ይቆማሉ። የዚያ ብርድ አየር ለታመመ ሳንባ ምን እንደሚያደርግ ለእናንተ አልነግርም። ስልኬ በብርዱ ጠፍቷል። ኦክስጅን የለኝ፣ ኢንሄለር የለኝ፤ ከንፈራቸውን እያየሁ መጸለይ ብቻ። ከ40 ደቂቃ በኋላ ዓሣ አጥማጆች በመኪና አንሥተውን ነው የተረፍነው። በሽማግሌ ሰው ሕይወት ተጫወትኩ ብዬ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ምን ነበር የሆነው? ባለ አራት ምት ሞተር መተንፈሻ ቱቦ አለው። ከፒስተኑ አልፎ ወደ ሞተሩ ሆድ የሚገባው ጋዝ የሚወጣው በሱ ነው፤ ጋዙ ደግሞ እርጥበት አለበት። በዚያ ብርድ እርጥበቱ ቱቦው ውስጥ በረዶ ሠርቶ ደፈነው። መውጫ ያጣው ግፊት ዘይቱን በኮሎው ጫፍ ባለው ጎማ በኩል ተፋው። ቴንሽን ኒሞቶራክስ በሉት! አሮጌው ሞተር እንዲህ ያለ ቱቦ ስላልነበረው ይህን በሽታ አያውቀውም። ዘይቱ ሲያንስ አዲሱ ሞተር ራሱን ስለሚያጠፋ ምንም ጉዳት አልደረሰበትም። ጋሼ ሲሻላቸው ፈትተው አዩትና፣ “ሞተሩ ጤነኛ ነው ዶክ። የረሳነው ብርዱን ነው” አሉ። ፈውሱ ቀላል ነበር፦ ቱቦውን አሳጥሮ ሙቀት ባለበት በሞተሩ አጠገብ ማስቀመጥ፣ ማልበስ፣ ግፊቱ የሚወጣበት ትንሽ ቀዳዳ መብሳት። ያንን ሲሠሩ ባትሪ ይዤ ቆሜ፣ ሐሳቤ ሌላ ቦታ ሄደ።

ተለማማጅ ሐኪም ሳለሁ፣ ስሙን በማልጠራው ሆስፒታል፣ የሕፃናት ክፍል ውስጥ ነኝ። ከውጭ አገር የኦክስጅን ኮንሰንትሬተር በእርዳታ መጣልን። አጨብጭበን፣ ፎቶ ተነሥተን ተቀበልን። ሶኬቱ አልገባ ሲል አንዱ ልጅ አስማሚ ፈልጎ ሰካው። ማሽኑ የ110 ቮልት ነው፣ የእኛ መብራት 220። የተቃጠለ ሽታ ሸተተን፣ አበቃ። በዚያው ሳምንት አንድ ሌሊት ሳንባ ምች የያዛቸው ሁለት ሕፃናት አንድ ሲሊንደር ተካፍለው አደሩ። ከሁለቱ አንዷ አልነጋላትም። በማሽኑ ምክንያት ሞተች አልልም፤ ስትመጣም በጣም ደክማ ነበር። ግን ያ ማሽን ኮሪደሩ ላይ አንሶላ ለብሶ ቆሞ እንደነበር እስከ ዛሬ አልረሳውም። ማሽኑ ጥሩ ማሽን ነበር። ሰጪዎቹም ጥሩ ሰዎች ነበሩ። መብራቱን የጠየቀ ግን አልነበረም።

ነገ ጠዋት ማኅበራችን የሚወያየው ከአሜሪካ ሁለት ያገለገሉ የማደንዘዣ ማሽኖች ገዝቶ ለተማርንበት ሆስፒታል ስለ መላክ ነው። ሐሳቡን ካመጡት አንዷ እኔ ነኝ፤ ኮንቴይነር እንሙላ ያልኩትም እኔ ነኝ። አሁን ግን ጋራዡ ውስጥ የተማርኩትን ይዤ ራሴን ላርም።

ከመግዛታችን በፊት እንጠይቅ። የማሽኑ የኦክስጅን ቱቦ ከኦፕሬሽን ክፍሉ መስመርና ሲሊንደር ጋር ይገጥማል ወይ? እሱ ፍሪሲዮኑ ነው። ቮልቴጁስ? 110 ከሆነ ማን፣ በምን ይቀይረዋል? እሱ የዙሩ ፍጥነት ነው። ቬፖራይዘሩ የተሠራበት መድኃኒት እዚያ ፋርማሲ ይገኛል ወይ? ሶዳላይሙስ? የኦክስጅን ሴንሰሩ ዕድሜው ሲያልቅ ምትኩ ከየት ይመጣል? መብራት ሲጠፋና ሲመለስ፣ አቧራው ሲገባ ምን ይሆናል? ያ ደግሞ ብርዱ ነው፤ ሁላችንም የምንረሳው እሱን ነው።

መልሱን የምናውቀው እኛ አይደለንም። የሚያውቁት እዚያ ያሉት የባዮሜዲካል ባለሙያዎችና አኔስቴቲስቶች ናቸው። ስለዚህ ሐሳቤ ሁለት ነው። አንደኛ፣ እነሱ በጽሑፍ “ይገጥማል” ሳይሉን አንድም ማሽን አይጫን። “አይሆንም፣ ሌላ ነው የሚያስፈልገን” ካሉም እሺ እንበል። ሁለተኛ፣ ከሁለት ማሽን አንድ እንግዛ፤ የሁለተኛው ገንዘብ ለቮልቴጅ ማረጋጊያ፣ ለመለዋወጫ፣ ለባለሙያው ሥልጠና ይዋል። ፎቶው ላይ አንድ ማሽን ብቻ መታየቱ ያንሳል የሚል ካለ፣ ያቺን የሕፃናት ክፍል ሌሊት ያስታውስልኝ።

“የሰው ወርቅ አያደምቅ” ይላሉ አባቶቻችን። እኔ እንጃ፤ ለባለቤቱ ልክ ከተሠራ የሚያደምቅ ይመስለኛል። የጋሼ ኢላን ዘንድሮ ሦስተኛ የበረዶ ወራቱን ይዟል። አሁንም ሐይቁ ላይ ይወጣሉ፤ እኔ ግን ኢንሄለራቸውን በውስጥ ኪሳቸው፣ ከብርድ ርቆ መያዛቸውን ሳላይ አላስነሣም።

ነገ 3 ሰዓት ላይ ስብሰባው እንዳትቀሩ፤ የምትቃወሙኝም ጭምር ኑ። ለ25ኛው ዓመታችን በሰላም በጤና ያገናኘን።