አውራ አምባ እና የሽመና ሥራ

በደቡብ ጎንደር፣ በፎገራ ወረዳ፣ በ1964 ዓ.ም. በዙምራ ኑሩ መሪነት የተመሠረተችው የአውራ አምባ መንደር፣ ይዞታዋ ከ20 ሄክታር የማያልፍ ስለ ሆነ፣ ነዋሪዎቿ በማረሻ ብቻ መኖር እንደማይቻላቸው ተረድተው ፊታቸውን ወደ ሽመና መለሱ።

ጥበበ እድ በንቀት በሚታይበት፣ ፈትል ለሴት ሽመናም ለወንድ ተለይቶ በተሰጠበት ልማድ መካከል፣ እነርሱ ወንዱን ከእንዝርት፣ ሴቲቱንም ከመወርወሪያ ጋር አስተዋወቁ፤ ይህም፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ ከጋቢውና ከነጠላው ሽያጭ ከሚገኘው ገንዘብ የሚበልጥ ታላቅ ትሩፋት ነው።

ኋላም ወፍጮ ተክለው የጎረቤት ገበሬ እህሉን የሚያስፈጭበትን ቦታ አዘጋጁ።

የነዋሪዎቹ ማኅበር አባላት የድካማቸውን ፍሬ በእኩልነት ይካፈላሉ፤ ከሳምንቱም አንዱን ቀን የሚሠሩት ለአረጋውያን፣ ለድውያንና ለእጓለ ማውታ ነው።