ከሃይላንድ የተሠራ ልብስ ማን ይገዛል?

(በአባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ከፕላስቲክ ጠርሙስ በተሠራ ጨርቅ እንስፋ ሲባል ቀድሞ የሚነሳው ጥያቄ «ከቆሻሻ የወጣውን ማን ገላው ላይ ያደርጋል?» የሚል ነው። ገዢም ይህንኑ ስለሚጠይቅ አንናቀው።

ቆራሌው የሰበሰበው ሃይላንድ ፋብሪካ ገብቶ ይለያል፣ ይፈጫል፣ ይታጠባል፤ ቀልጦም ክር ይሆናል። ክሩ ፖሊስተር ነው። በየሱቁ ሳንጠይቅ የምንገዛው ፖሊስተርም ከነዳጅ ዘይት የሚሠራ ያው ፕላስቲክ ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. በደቡብ አፍሪካው የዓለም ዋንጫ ብራዚልና ሆላንድ የለበሱት የናይኪ ማሊያ ከጠርሙስ የተሠራ ነበር፤ ለአንዱ እስከ 8 ጠርሙስ ገብቶበታል። ደጋፊው ግን ማሊያውን የሚወደው ለቡድኑ ብሎ እንጂ ለጠርሙሱ አይደለም።

የእኛም ገዢ እንዲሁ ናት። «አካባቢን መጠበቅ ጥሩ ነው» ትለናለች፤ ቦርሳዋን የምትከፍተው ግን ልብሱ ሲያምርባትና ዋጋው ሲስማማት ነው። የላላ ስፌት በመልካም ዓላማ አይሸጥም።

እውነቱንም አንደብቅ። ይህ ጨርቅ እንደ ጥጥ ላብ አይመጥም፤ ሲታጠብም ደቃቅ የፕላስቲክ ብናኝ ወደ ውኃ ይለቃል። ስለዚህ ለውስጥ ልብስ ሳይሆን ብዙ ለማይታጠብ ነገር፣ ለጃኬትና ለቦርሳ እናውለው። ከምን እንደተሠራም በግልጽ እንጻፍበት።

እህቶቼ፣ የቁጠባችንን ገንዘብ ከማውጣታችን በፊት ጥቂት ሰፍተን ገበያ እናውጣ። «ጎበዞች» ያሉንን ሳይሆን ከፍለው የወሰዱትን እንቁጠር።