ፈንግል ከማለታችን በፊት

በይጁቤ ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለካህናት ከተሰጠ ትምህርት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ዛሬ ልንነጋገርበት የመጣነው ጉዳይ ለጉባኤ የማይመጥን ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። ጉዳዩ የዶሮ ድንገተኛ ሞት ነው። ነገር ግን በባሶ ሊበን ገጠር ለአንዲት እናት እንቁላል ማለት ጨው ነው፤ ሳሙና ነው፤ የልጅ ደብተር ነው። ከብቱ የቤተሰቡ ሲሆን ዶሮዋ ግን የእጇ ገንዘብ ናት። ማታ ስድስት ዶሮ ቆጥራ ያስገባች እናት ጠዋት ሁለቱን ክንፋቸውን ዘርግተው ካገኘቻቸው፣ በሳምንቱም ቆጡ ባዶ ከቀረ፣ ያጣችው ዶሮ ብቻ አይደለም።

ከዚህም የሚከፋ አለ። ምክንያቱ ያልታወቀ ሞት ሐሜትን ይወልዳል። «ጎረቤቴ መርዝ በትናብኝ ነው»፣ «ዓይን አርፎባቸው ነው» ይባላል። በነጋታው የተጣሉትን ለማስታረቅ የምትጠሩት እናንተ አባቶች ናችሁ። ስለዚህ የሞቱን ምክንያት መርምሮ ማወቅ የልማት ብቻ ሳይሆን የሰላምም ሥራ ነው።

ዶሮ በድንገት ሲሞት ሁላችንም «ፈንግል ነው» እንላለን። ስሙ ገልብጦ መጣልን፣ መፈንገልን ያሳስባል። ዶሮዋ መውደቋን ይነግረናል እንጂ ምን እንደ ጣላት አይነግረንም። ባለሙያዎች ፈንግል የሚሉት ኒውካስል የተባለውን የቫይረስ በሽታ ነው። ይህ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1926 በጃቫ ደሴትና በእንግሊዝ አገር በኒውካስል ከተማ አካባቢ ታወቀ፤ ስሙንም ከዚያች ከተማ አገኘ። ክትባት ያላገኙ ዶሮዎች ያሉበትን መንደር ሲገባ ከአሥሩ ዘጠኙን ሊፈጅ ይችላል። እኛ ግን የዶሮ ኮሌራውንም፣ ታይፎይዱንም፣ የጫጩቶቹን ኮክሲዲዮሲስም፣ መርዙንም በዚሁ አንድ ስም እንጠራለን። ስማቸውን አንድ ብናደርገውም መከላከያቸው አንድ አይደለም።

እንግዲህ ፈንግል ከማለታችን በፊት አራት ጥያቄዎችን እንጠይቅ።

አንደኛ፣ ስንት ዶሮ በስንት ቀን ሞተ? በአንድ ግቢ ያሉት ሁሉ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ካለቁና የጎረቤት ዶሮዎች ደኅና ከሆኑ መርዝ ያጠራጥራል። መርዝ ስንልም የሰው ክፋት ማለታችን አይደለም። በመድኃኒት የታሸ የበቆሎ ዘር ተርፎ ደጅ ላይ ተደፍቶ ይሆናል፤ የነቀዝ መድኃኒት ከጎተራ ወድቆ ይሆናል፤ ለአይጥ የተቀመጠም ይሆናል። በሽታ ከሆነ ግን ዛሬ አንድ፣ ነገ ሦስት፣ ከዚያም ወደ ጎረቤት እያለ ይሄዳል።

ሁለተኛ፣ የሞቱት የትኞቹ ናቸው? ፈንግል ጫጩት፣ ቄብ፣ አውራ ሳይል ሁሉንም ይመታል። ጫጩቶቹ ብቻ ከሞቱና ኩሳቸው ደም ከታየበት ኮክሲዲዮሲስን እንጠርጥር። የዶሮ ኮሌራና ታይፎይድ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚበረቱት በደረሱት ላይ ነው።

ሦስተኛ፣ ከመሞታቸው በፊት ምን ታየባቸው? አረንጓዴ ተቅማጥ፣ የትንፋሽ መቸገር፣ የአንገት መጠምዘዝ፣ የክንፍና የእግር መዛል የፈንግል ምልክቶች ናቸው። ቁስልና የተቆረጠ አንገት ከተገኘ ግን የሸለምጥማጥን መግቢያ መፈለግ ነው።

አራተኛ፣ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ወደ ግቢው ምን ገባ? የፈንግል ተሕዋስ ወደ ዶሮዋ ገብቶ ምልክት እስኪያሳይ ከ2 እስከ 15 ቀን ሊቆይ ይችላል። ከገበያ የተገዛች ደኅና የመሰለች ዶሮ፣ ሳይሸጥ የተመለሰ አውራ፣ ወይም ጎረቤት የጣለው ሬሳ ምክንያቱ ሊሆን ይችላል።

እነዚህ ጥያቄዎች ወደ ጥርጣሬ ያደርሱናል እንጂ ፍርድ አይሰጡም። ምልክቶቹ እርስ በርስ ይመሳሰላሉና። ስለዚህ አሁን የሞተች፣ ወይም ታማ ያልሞተች ዶሮ በዚያው ቀን ወደ ወረዳው የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ትወሰድ። ሬሳው በሁለት ፌስታል ይታሠር፤ በቀዝቃዛ ቦታ ይቆይ። በቤት አይከፈት፤ የነካ ሰውም እጁን በሳሙና ይታጠብ። ባለሙያው ከፍቶ አይቶ ካልረካ ናሙናውን በባሕር ዳር ወዳለው የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ሊልከው ይችላል።

አባቶቻችን ሆይ! በዚህ ነገር የእኛው የዘመን አቈጣጠርም ድርሻ አለው። በዐቢይ ጾም ሥጋና እንቁላል አይበላምና ዶሮው በየቤቱ ይበዛል። ለፋሲካ ሁሉም በአንድ ሳምንት ወደ ገበያ ይወጣል፤ ከየቀበሌው የመጣው በአንድ ቦታ ይገናኛል፤ ያልተሸጠው ወደ ቤቱ ይመለሳል። ከዚያም ዝናሙ ይጀምራል። ፈንግል በብዛት የሚነሣው ክረምቱ ሊገባ ሲል መሆኑን አርሶ አደሩም ባለሙያውም የሚመሰክሩት ነው።

በክት አለመብላታችን መልካም ሥርዓት ነው። ነገር ግን ሳትሞትብን ብለን የታመመችውን አርደን ላባዋንና አንጀቷን ደጅ የጣልን፣ ወይም ፈጥነን ለገበያ ያወጣናት እንደ ሆነ በሽታውን ለወንድማችን ሸጥንለት ማለት ነው። ሬሳውን ወደ ገደል መወርወርም ለውሻና ለአሞራ መስጠት ነው። ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሮ መቅበር ይገባል።

ከሱቅ የሚገዛው የቴትራሳይክሊን ካፕሱልም ቫይረስን አይገድልም። ከፈንግል የተረፈች ዶሮ የተረፈችው በካፕሱሉ አይደለም። የፈንግል መከላከያ ክትባት ነው፤ በቢሾፍቱ ያለው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ያመርተዋል። ችግሩ አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የተዘጋጀ መሆኑ ነው፤ ከተበጠበጠ በኋላም በሰዓታት ውስጥ ማለቅ አለበት። ስድስት ዶሮ ያላት እናት ብቻዋን ልትከፍተው አትችልም። አጥቢያው ግን ይችላል።

ስለዚህ የምንለምናችሁ ይህን ነው። ሰበካ ጉባኤው ከወረዳው ባለሙያ ጋር ተስማምቶ በዐቢይ ጾም አጋማሽ፣ የፋሲካ ገበያ ሳይደራ፣ አንድ የክትባት ቀን ይቍረጥ፤ ከቅዳሴ በኋላም ይታወጅ። ዶሮዎቹ ከቆጥ ሳይለቀቁ በማለዳ ይከተቡ። ክትባቱ እስኪጸና ሁለት ሳምንት ያህል ያስፈልገዋል፤ የታመመችውን አይፈውስም፤ ባለሙያው በሚያዘው ጊዜም ይደገማል። ፈንግልን እንጂ ኮሌራንም ሆነ ኮክሲዲዮሲስን አይከላከልም። ምክንያቱን ሳናውቅ ከትበን ዶሮው ቢሞት ሕዝቡ «ክትባቱ ገደለብን» ይላል፤ በሚቀጥለው ዓመትም የሚመጣ አይኖርም።

ሁለተኛው ልመናችን አንድ ደብተር ነው። በየአጥቢያው አንድ ሰው ይመደብና ቀኑን፣ የሞተውን ብዛት፣ ዕድሜውን፣ ምልክቱንና ወደ ግቢው የገባውን ይጻፍ። እኛም ብንሆን ለአቅመ ደካሞች ዶሮ ለመስጠት ስናስብ አስቀድመን የምንጠይቀው «ስንት እንስጥ?» የሚለውን ነበር። በመንደሩ ያሉት በምን እንደሚሞቱ ሳያውቁ አዲስ ዶሮ ማምጣት ግን ለድኻዋ ሁለተኛ ኀዘን መስጠት ነው። ያ ደብተር መንገዱን ያሳየናል።

የመጨረሻው ለእናንተ ለንስሐ አባቶች ነው። ሁለት ጎረቤቶች በዶሮ ሞት ተካስሰው ሲመጡ፣ ከመሐላው በፊት «የሌሎቹስ ጎረቤቶች ዶሮ ደኅና ነው?» ብላችሁ ጠይቁልን። የሌሎቹም ዶሮ ሞቶ ከሆነ ጠላታቸው አንድ ነው፤ በዕርቅ ፈንታ በሁለት ልብ ሊለያዩበት አይገባም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።