ሳያስጠነቅቁ ማሰናበት
የካርቱም ታሪክ ለአሠሪዎች የሚሰጠው ትምህርት



ሰው በጉልበቱም ሆነ በዕውቀቱ ተቀጥሮ ሲሠራ የሚያስበው የዕለት እንጀራውን ብቻ አይደለም። የቤቱን ኪራይ፥ የልጆቹን ማስተማሪያ፥ የወላጆቹን መጦሪያ የሚወስነው በወሩ መጨረሻ በሚቀበለው ደመወዝ ተማምኖ ነው። ስለዚህ አንድ አሠሪ ሥራው ተቀዛቅዞ ብዙ ሠራተኞችን በአንድ ጊዜ ለማሰናበት ቢገደድ፥ የስንብቱን ቀን አስቀድሞ መንገር ዕዳው ነው እንጂ ችሮታው አይደለም።

ይህ ዕዳ ሳይከፈል ሲቀር የሚደርሰውን ጉዳት ከጎረቤት አገር ከሱዳን ታሪክ መማር ይቻላል። ሰኔ 23 ቀን 1981 ዓ.ም. በካርቱም ብርጋዴር ጄኔራል ኦማር ሐሰን አልበሽር በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን ያዙ፤ የሠራተኛ ማኅበራትም ወዲያው እንዲፈርሱ ተደረገ። በቀጠሉት ዓመታት «ለሕዝብ ጥቅም» በሚል አንድ ሐረግ ዳኞች፥ ሐኪሞች፥ መምህራንና የምድር ባቡር ሠራተኞች በብዙ ሺህ እየተቈጠሩ ከሥራቸው ተባረሩ። ማኅበራቸው ፈርሶ ነበርና የሚከራከርላቸው አላገኙም። ጉዳቱም በተባረሩት ላይ ብቻ አልቆመም፤ ብዙዎቹ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች፥ ወደ ካይሮና ወደ አውሮፓ ሲሰደዱ፥ ሆስፒታሉ ሐኪሙን፥ ተማሪውም መምህሩን አጣ።

አልበሽር በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. ከሥልጣን ከወረዱ በኋላ በኅዳር 2012 ዓ.ም. የቀድሞውን ሥርዓት የሚያፈርስ ሕግ ወጣ። ሕጉን ለመፈጸም የተሠየመው ኮሚቴ ደግሞ በተራው የአሮጌው ሥርዓት ሰዎች ናቸው ያላቸውን ሠራተኞች በዝርዝር እያወጣ አሰናበተ፤ ከጥቅምት 2014 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት ወዲህም ከእነዚህ ውሳኔዎች ብዙዎቹ በፍርድ ቤት ተሻሩ። የሁለቱ ዘመን ምክንያት የተለያየ ነው፤ ነገር ግን ሠራተኛው ሳይጠየቅና ሳይዘጋጅ ስሙን በዝርዝር ውስጥ ማግኘቱ አንድ ነው። ሥርዓት የሌለው ስንብት ለሚቀጥለው ባለሥልጣን መንገድ ያሳያልና።

እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው የሱዳን የሥራ ሕግ በኢኮኖሚ ችግር ምክንያት ሠራተኛ የሚቀንስ አሠሪ አስቀድሞ ለመንግሥት እንዲያመለክት ያዛል። ሆኖም በልዩ ሕግ የሚተዳደሩትን የመንግሥት ሠራተኞችና የቤት ሠራተኞችን አይመለከትም። በካርቱም በየቤቱ ተቀጥረው ይሠሩ የነበሩት ኢትዮጵያውያት እኅቶችም ከዚህ ጥላ ውጭ ነበሩ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፥ በትንሣኤ ዋዜማ፥ በከተማይቱ ጦርነት ሲነሣ እንጀራቸው በአንድ ቀን ተቋረጠ። ከጦርነት ማስጠንቀቂያ አይጠበቅም፤ አእምሮ ካለው አሠሪ ግን ይጠበቃል።

በኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 ነገሩን በግልጥ ደንግጎታል። ቅነሳው ከሠራተኞቹ ቢያንስ 10 ከመቶ የሚሆኑትን፥ ከ20 እስከ 50 ሠራተኞች ባሉበት ድርጅት ደግሞ ቢያንስ 5 ሰዎችን የሚነካ ሲሆን፥ አሠሪው ከሠራተኛ ማኅበሩ ወይም ከሠራተኞቹ ተወካዮች ጋር መመካከር አለበት። የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ተቀናሽ ምክንያቱንና ቀኑን የሚገልጽ የ2 ወር ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ይሰጠዋል፤ ይህን ያልፈጸመ አሠሪ የማስጠንቀቂያውን ጊዜ ደመወዝ ይከፍላል። ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. ያጸደቀችው የዓለም የሥራ ድርጅት 158ኛው ስምምነትም አሠሪው የቅነሳውን ምክንያት፥ የሚነካውን የሰው ብዛትና ጊዜውን በቂ ጊዜ ሲቀረው እንዲያስታውቅ ይጠይቃል።

አንዳንድ አሠሪዎች «አስቀድመን ብንነግረው ሠራተኛው ሥራውን ይለግማል፤ ደንበኛም ይሸሻል» ይላሉ። ሥጋቱ ፈጽሞ ከንቱ ነው አይባልም። ነገር ግን ወሬ ከደብዳቤ ይቀድማል፤ ሠራተኛው ከአለቃው ያልሰማውን ከበረኛው ይሰማል። ያን ጊዜ የሚሰናበተው ብቻ ሳይሆን የሚቀረውም እምነቱን ያጣል። እውነቱ በጊዜው የተነገረው ግን ሌላ ሥራ እየፈለገ የጀመረውን ይፈጽማል፤ በክብር ተሰናብቷልና ነገ ቢጠሩት ይመለሳል።

ይህ ነገር ለፋብሪካ ብቻ የተነገረ አይምሰል። የግል ትምህርት ቤት ኀላፊም አሠሪ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ክፍሎች እንደሚታጠፉ በግንቦት ያወቀ ኀላፊ ምስጢሩን እስከ ጳጉሜን ቢያቆይ፥ መምህሩ የሚሰናበተው ሌሎቹ ትምህርት ቤቶች ቅጥራቸውን ከጨረሱ በኋላ ነው። በግንቦት ቢነገረው ግን ክረምቱን በሙሉ ሥራ መፈለጊያ ያደርገዋል። አንዲት ደብዳቤ በጊዜዋ መጻፏ ለአንድ ቤተሰብ የዓመት ቀለብ ማለት ልትሆን ትችላለች።

አበው «ሳይርቅ በቅርቡ፥ ሳይደርቅ በርጥቡ» ይላሉ። ስለ ሕግና ስለ ፍትሕ የሚያስተምር ትምህርት ቤት በራሱ ግቢ ይህን ምሳሌ ቢፈጽም፥ ተማሪው ከመጽሐፉ ይልቅ ከመምህሩ አሰነባበት ብዙ ይማራል።